መልስ፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ብቻውን ጦርነት መክፈት ይችላል?

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ላይ ለምታዘጋጁት የተማሪዎች ክርክር «ጦርነት የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው ወይስ ኮንግረስ (የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት)?» ብለሃል። በወረቀት ላይ ኮንግረስ ነው። ግን በይፋ ጦርነት ያወጀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1942 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኮሪያም ቬትናምም ያለ አዋጅ ነው የተዋጉት። ተከራካሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ አዋጅንና ፈቃድን ያምታታሉ። ለምሳሌ ኮንግረስ ለኢራቅ ጦርነት የሰጠው ፈቃድ እንጂ አዋጅ አልነበረም።

የፕሬዚዳንቱን የጦርነት ሥልጣን በሚገድበው በ1973ቱ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ጦር ወደ ውጊያ ካስገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ ማሳወቅ፣ ፈቃድ ካላገኘ ደግሞ በ60 ቀን ማቆም አለበት። ጦሩን ለማስወጣት እስከ 30 ቀን ሊጨመርለት ይችላል። በ2011 ሊቢያ ላይ ግን 60ው ቀን ሲያልፍ የኦባማ መንግሥት ዘመቻው ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም ብሎ ቀጠለ። ጥርስ የሌለው ሕግ የሚባለው ወዶ አይደለም።

ከምርጫ ጋር ለማያያዝ ኦክቶበር 2002ን ያዝ። የኢራቅን ፈቃድ የተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 አጸደቁት፤ ለኮንግረስ ምርጫ አንድ ወር እንኳ አልቀረም ነበር። በኋላ በጊዜው ሴናተር የነበሩት ጆን ኬሪ በ2004፣ ሂላሪ ክሊንተን በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ያቺው «አዎ» ያሏት ድምፅ ተመዘዘችባቸው።

ርዕሱን ግን አጥብበው። «ጦርነት መጥፎ ነው» ካላችሁ የሚቃወም ወገን አታገኙም። «ያለ ኮንግረስ ድምፅ ከ60 ቀን በላይ መዋጋት ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም» በሉት፤ ለአንድ ተናጋሪ 4 ደቂቃ ይበቃዋል።