ከፊት የሚመጣው ሁሉ ለምን ያበራብኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማታ አጭሩን መብራት አብርቼ እየነዳሁ፣ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን ብልጭ ያደርግብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መብራትህ ሽቅብ እያየ ነው ወንድሜ። መጀመሪያ ከኋላ የጫንከውን አራግፍ፤ ኋላው ሲከብድ ፊቱ ቀና ይላል። የጎማውንም ንፋስ አስተካክል። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀህ ቁም። አጭሩን ስታበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካለፈ፣ ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቪቴ ቀስ እያልክ አዙር። ግድግዳውን እያየህ ታዲያ!

ዳሽቦርድህ ላይ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት መዘውር ካለች፣ ብሎኑን ስትነካ 0 ላይ ትሁን። ጭነት ስትጭን ቁጥሩን ጨምር፣ ብርሃኑ ይወርዳል። ይቺን ነገር ብዙ ሾፌር ዞር ብሎም አያያት።