ቡቺ በግ መሰለችብኝ ላልሽው

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ፤ የምትኖሪው ፍኖተ ሰላም ነው። ቡቺ የምትባል ውሻችሁን ልትስያት ሞክረሽ በግ መሰለችብሽ። የሥዕል አስተማሪ የለሽም። እናትሽ ደግሞ «ውሻ መሳል እንጀራ አይሆንሽም» ብለውሻል። ልተወው ወይስ ልቀጥል ነው ጥያቄሽ።

ቀጥዪ እህቴ። የእናትሽን ነገር ቆይተን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ቡቺን ከበግነት እናውጣት።

አንድ ቀን በግና ቡቺን ደጅ ላይ አስተያዪያቸው። የበግ ሆድ ወደ ታች ወረድ ይላል። የውሻ ግን ደረቷ ጠለቅ ብሎ ሆዷ ወደ ኋላ እግሯ ሲጠጋ ወደ ላይ ይሰበሰባል። የበግ ዓይን በጎንና በጎን ነው፤ የቡቺ ዓይን ግን ወደ ፊት ያያል። የበግ ፊት ከግንባር እስከ አፍንጫ ሳይሰበር ይወርዳል፤ የውሻ ፊት ግን ዓይኖቿ መሃል ላይ ጎድጎድ ይልና ከዚያ አፍና አፍንጫዋ ወደ ፊት ይወጣል። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ካስተካከልሽ፣ ሌላው ባያምርም ያየ ሰው ሁሉ ውሻ መሆኗን ያውቃል።

እግር ላይ ጀማሪ ሁሉ ይቸገራል። ውሻ የምትራመደው በጣቶቿ ነው። በኋላ እግሯ ላይ ወደ ኋላ ሹል ብሎ የምታዪው ጉልበቷ ይመስላል፤ ግን ተረከዟ ነው። ጉልበቷ ከፍ ብሎ ሆዷ አጠገብ ነው ያለው። የፊት እግሯ መሃል ላይ ያለው መታጠፊያ ደግሞ የእኛ የእጅ አንጓ ማለት ነው፤ ክርኗ ያለው ደረቷ ሥር ነው። ስትቆም በጎኗ በኩል ተቀመጪና እነዚህን ቦታዎች በነጥብ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ነጥቦቹን አገናኚ። እግሯ ቀጥ ያለ እንጨት መሆኑ ይቀራል።

ስትጀምሪ ከዓይኗ አትጀምሪ። ሁላችንም ዓይን ይስበናል፤ ግን ዓይኑ አምሮ ራሷ ከሰውነቷ ሲበልጥ ሥዕሉ ይበላሻል። እርሳሱን ሳትጫኚ ለደረቷ አንድ ትልቅ ሞላላ፣ ለዳሌዋ አነስ ያለ ሞላላ፣ ለራሷ ክብ አስቀምጪ። ክንድሽን ዘርግተሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ የራሷን ርዝመት በእርሳስሽ ለኪ። ከዚያ ይኸው ልኬት በጀርባዋ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ እዪ። ዓይንና ጆሮ ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ። ፀጉሯን አንድ በአንድ አትሳዪ። የእኛ አገር ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሯ አጭር ነው፤ ጥላ ያረፈበትን ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ማጥቆር ይበቃል።

ቀን ታስራ የምትውል ከሆነ ትተኛለች። እሱን ጊዜ ተጠቀሚበት። ከተነሳች ደግሞ አትናደጂ፤ ሌላ ገጽ ላይ በፍጥነት የጀርባዋን መስመር ብቻ ያዢ። በስልክ ፎቶ የምትሠሪ ከሆነ ቁጢጥ ብለሽ በዓይኗ ልክ፣ ራቅ ብለሽ አንሺያት። ተጠግተሽ ካነሳሽ አፍንጫዋ ገዝፎ ይወጣል፤ አንቺም የተዛባውን ትቀጂያለሽ። ዕቃ አያስጨንቅሽ። የሱቅ እርሳስና ያለቀ ደብተር ጀርባ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ካገኘሽ ቱ ቢ እና ፎር ቢ የሚባሉትን ለስላሳ እርሳሶች አስመጪ፤ ለጥላ ይመቻሉ። ላጲሱን ለጊዜው ራቅ አድርጊው።

አስተማሪ ባይኖርሽም አታፍሪ፤ አይተሽ ቅጂ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የሰለጠኑት የመምህራቸውን ሥራ እየቀዱ ነው። ቀሲስ አዳሙ ተስፋው ጎጃም ተወልደው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው፣ ሥራቸው ሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ድረስ ታይቷል።

አሁን ወደ እናትሽ። ያሉት ነገር ከንቱ አይደለም። እኛ አገር ሥዕል ሸጦ ብቻ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን አይቶ መሳል የሚችል እጅ ሌላም ቦታ ይፈለጋል። አርክቴክቸር አለ፣ የልብስ ዲዛይን አለ፣ ግራፊክስ፣ አኒሜሽን፣ የመጽሐፍ ሥዕል፣ የማስታወቂያ ሥራ አለ። የፋሽን ዲዛይን ትምህርት እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ሥዕልን ራሱን ልማር ካልሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ።

ስለዚህ ሒሳብሽን እንዳትለቂ። 11ኛ ክፍል ስትገቢ የተፈጥሮ ሳይንስ ከመረጥሽ የአርክቴክቸር በር ክፍት ይሆናል፤ ማኅበራዊ ከመረጥሽ ግን ይዘጋል። ቡቺን ስለወደድሽ ብቻ አሁን አትወስኚ። የምትስያቸውን ሁሉ፣ መጥፎዎቹንም ጭምር፣ ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ። በኋላ ትምህርት ቤትም ሆነ ቀጣሪ «ሥራሽን አሳዪን» ሲል የምታቀርቢው እሱን ነው። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ዘመድ ካለሽ እናትሽን አስከትለሽ ሂጂ። ዲዛይን የሚማር ተማሪ ፈልጊና ምን እንደሚማሩ፣ የተመረቁት የት እንደገቡ፣ እናትሽ ራሳቸው ይጠይቁት።