የምትገለበጥ መኪና፣ ሰባት የኤቲኤም ካርድ እና ሌሎች ጥያቄዎች

ምንጣፍ ላይ መንዳት ከጀመርን ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ጠባዩን ለውጧል። ድሮ «የት ይገዛል?» ነበር። አሁን «ለምን ትገለበጣለች?» ሆኗል። ለእንግዶች፦ የምናወራው በሪሞት ስለምትነዳ፣ ከእውነተኛዋ አሥር ጊዜ ስለምታንስ፣ በባትሪ ስለምትሠራና አራቱም ጎማዋ ስለሚገፋ የቱሪንግ መኪና ነው። እኛ አዳማዎች ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ተከራይተን፣ ወንበሩን ዳር አስይዘን፣ ምንጣፍ ላይ እንነዳለን። ውጪውን ለአቧራውና ለነፋሱ ትተንለታል። ተራራው ላይ ያን ሁሉ የነፋስ ተርባይን ያቆሙት በከንቱ አይደለም።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ አስፋልት ላይ ቀጥ ብላ የምትሄደው መኪናዬ ምንጣፍ ላይ በየመታጠፊያው ትገለበጣለች። ጎማዬ አርጅቶ ይሆን?

አላረጀም ወንድሜ። እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ጎማህ ከልክ በላይ እየያዘ ነው። ባጃጅ አስብ። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ሹፌሩ በኃይል ቢጠመዝዛት ኋላዋ ይንሸራተታል እንጂ አትገለበጥም። ያንኑ ደረቅ አስፋልት ላይ ቢያደርግ አንድ እግሯ ከመሬት ይነሳል፤ ከኋላ የተቀመጥነው ደግሞ ስለት እንሳላለን። ለመኪናህ ምንጣፉ ደረቁ አስፋልት ነው፤ ያውም የባሰበት። ጎማው «አልንሸራተትም» ሲል ከላይ ያለው ክብደት ግን ወደ ውጪ መሄዱን አይተውም። መኪናዋ በገዛ ጎማዋ ጠርዝ ትደናቀፍና ጣሪያዋ ላይ ታርፋለች።

ሞላ ልትገዛ እንዳትሮጥ። መጀመሪያ ሱፐር ግሉ ግዛ። የፊት ጎማዎችህን ውጪኛ ጎን፣ መሬት የሚነካው ፊት አልቆ ወደ ጎን ከሚታጠፍበት ጠርዝ ጀምረህ ቀባው። ሲደርቅ ጎኑ እንደ ፕላስቲክ ይጠነክርና ምንጣፉን መንከስ ያቆማል።

አቀባቡን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጎማውን በአልኮል ጥረግና አድርቅ። ከቸርኬው ኋላ እርሳስ ሰካበት። በግራ እጅህ እርሳሱን ቀስ እያልክ አዙር፤ በቀኝህ ቀጭን መስመር አስኪድ። ጠብታ ወደ መሬት ወደሚነካው ፊት ከሾለከች ሳትደርቅ ጥረጋት፤ ከደረቀች ያቺ ቦታ እንደ ሳሙና ታንሸራትታለች። አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላ ደርብበት። መስኮት ክፈት፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እኔ የመጀመሪያው ቀን ከጎማው ይልቅ አውራ ጣቴን ነበር የቀባሁት። ጎማ ጣቴ ላይ ተለጥፎ ግማሽ ሰዓት ስዞር ልጆቹ በሳቅ ሊሞቱ ነበር።

ጎማ የሚያለሰልስ ፈሳሽ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን ስፋት ሙሉውን አትቀባ። ውስጠኛው ግማሽ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ነው ወደ ጠንካራ ሞላ የምትሄደው። ምንጣፍ ለጥ ያለ ስለሆነ ሞላው የሚውጠው ጉድጓድ የለም፤ ሥራው መኪናዋ እንዳታዘነብል መደገፍ ነው። ስለዚህ ከአስፋልቱ ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ግን አንድ በአንድ ቀይር። ሦስቱን በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንደሠራልህ አታውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ቦዲው እንዳይሰነጠቅ ብለህ ከውስጥ ጣሪያው ላይ ፕላስተር ደራርበህበት ከሆነ ላጠው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክብደት ትንሽም ቢሆን መኪና ይገለብጣል።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ የመኪናው ሆድ ከመሬት ስንት ይራቅ? መለኪያ የለኝም።

ለምንጣፍ 5 ሚሊሜትር አካባቢ። አስፋልት ላይ ትንሽ ከፍ ይላል።

መለኪያ የለኝም ላልከው፣ ኪስህን ፈትሽ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 0.76 ሚሊሜትር። ስድስት ካርድ ስትደራርብ 4.6 ገደማ ይመጣል፣ ሰባት ስትደራርብ 5.3። ስድስቱ በነፃ ካለፉና ሰባተኛው ሲጨመር ሆዷን ከነካ ቦታህ ላይ ነህ። ቁጥሩ ወጣ ወጣ ብሎ የተቀረጸበትን ካርድ ግን ተወው፣ ያታልልሃል። ሰባት ካርድ ከየት ይምጣ ብትል፣ ዘንድሮ ሦስት ባንክ ያልከፈተ ማን አለ? የቀረውን ከጓደኛ ተበደር። ፒኑን እስካልጠየቅከው ድረስ ይሰጥሃል።

ስትለካ ባትሪውም ቦዲውም ላይዋ ይሁን። በእጅህ አንዴ ጫን አድርገህ ልቀቃት፣ ራሷ በምትቆምበት ለካ። መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ አድርገው። ምንጣፍ ላይ ጎማው ስለሚሰምጥ ልኩ ይዋሻል።

ጥያቄ (አዳማ፣ ፍራንኮ)፦ ቀስ ብዬ ስነዳት ቀጥ ትላለች። ጋዝ ስሰጣት ወደ ግራ ትጎትታለች። ሪሞቱ ላይ ያለውን የመሪ ማስተካከያ፣ ትሪሙን፣ ባስተካክለውም አልሆነም።

ትሪሙን ተዪው እህቴ፣ የመሪ ችግር ቢሆን ቀስ ስትይም ትጎትት ነበር። ሻንሲዋ ተጣሞ ወይም ክብደቷ ወደ አንድ ጎን አድልቶ ይመስለኛል።

መስታወት ላይ አስቀምጫት። የቢላ ጫፍ ከፊቷ ሆድ ሥር፣ ልክ መሃሉ ላይ አስገብተሽ ቀስ እያልሽ አንሺ። ዓይንሽን ዝቅ አድርገሽ የፊት ጎማዎቹን እያየሽ። ሁለቱም እኩል ከተነሱ ደህና ናት። አንዱ ቀድሞ ከተነሳ በዚያ ጎማ ላይ ያረፈው ጭነት ከሌላው ያነሰ ነው። ከኋላም ድገሚው። አራት እግሩ እኩል ያልሆነ ጠረጴዛ እንደሚንገዳገደው ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የሾኮቹን ርዝመት ግራና ቀኝ አወዳድሪ። ከሻንሲው በላይ ያለውን ሳህን ብሎኖች ሁሉ አላሊ፣ ሻንሲውን መስታወቱ ላይ በመዳፍሽ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ ከዚያ በተሻጋሪ አጥብቂ፤ አንድ ከፊት ግራ፣ ቀጥሎ ከኋላ ቀኝ። ከተጋጨች በኋላ ከሆነ የጀመረው፣ ከብሎኖቹ በፊት የጎማውን ክንድ የሚይዘውን ፒን አውጥተሽ መስታወት ላይ አንከባሊው። ከተጣመመ ሲንከባለል ይዘላል።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ አዳማ)፦ ልጄ ባትሪውን ሳሎን ሶፋ ላይ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። ይፈነዳል ሲሉ ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። ልከልክለው?

መከልከል እንኳ አያስፈልግም እትዬ፣ ከሶፋው ግን ዛሬውኑ ያስነሱት። ሊፖ የሚባለው ባትሪ በሥርዓት ከያዙት ችግር የለውም። ካበላሹት ግን በእሳት ነው የሚቆጣው።

ቤት ውስጥ የማይሠራበት አሮጌ የሸክላ ምጣድ ካለዎት ለእሱ ይስጡት። መጋረጃና ምንጣፍ የሌለበት ቦታ ያስቀምጠው፣ ባትሪውን ምጣዱ ላይ አድርጎ ቻርጅ ያድርግ፣ አጠገቡም ሰው ይኑር። ለልጁ ደግሞ እንዲህ ይበሉት፦ ባለ ሁለት ሴል ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፣ ከዚያ አይለፍ። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ለሆነ ባትሪ ቻርጀሩን 5 አምፒር ላይ ያድርግ፣ ቸኩሎ አይጨምር። ሴሎቹን እኩል የሚሞላውን ቀጭን ሽቦ ሁሌ ይሰካ። ሳምንቱን ሙሉ የማይነዳ ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ገደማ ላይ አድርጎ ያስቀምጥ።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀለው። ተመልሶ ሲመጣ ራሱ አስተካክሎ ከሰካው ይሻላል፣ መብራታችን አመጣጡ አይታወቅማ። ያበጠ ባትሪ ካዩ ደግሞ በጭራሽ ቻርጅ እንዳይደረግ። «ትንሽ ነው ያበጠው» ቢልዎት እንዳይሰሙት።

ጥያቄ (አዳማ)፦ ታሚያ ሠራሽ ቲቲ-02 የምትባል መኪና አለችኝ። ሞተሯ አምስት ደቂቃ ሳትሞላ እጅ ያቃጥላል። የከተማችን ሙቀት ነው?

ሙቀቱ የራሱ ድርሻ አለው፣ ግን ሁሉን በከተማዋ ላይ አናላክክ። ሞተሩ ላይ ያለውን ትንሹን ጥርስ (ባለ ጥርሱን ክብ) ቀይረህ እንደሆነ ንገረኝ ልልህ ስል፣ ከደብዳቤህ ግርጌ «24 ጥርስ ገጠምኩለት» ብለሃል። በቃ፣ እዚያው ነው።

ሒሳቡ ይኸው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትመጣ ትልቁ ክብ ባለ 70 ጥርስ፣ ትንሹ ባለ 22 ነው። 70 ለ22 ተካፍሎ በውስጧ ባሉት ሌሎች ጥርሶች ልክ፣ በ2.6፣ ሲባዛ 8.27 ይሆናል። ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 8.27 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ24 ስታደርገው 7.58 ይሆናል። ሞተርህ አሁን በእያንዳንዱ ዙር ብዙ መንገድ መግፋት አለበት፤ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እንደመውጣት። በዚያ ላይ ምንጣፉ ጎማውን ስለሚይዝ ሸክሙ ይጨምራል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር አነሰ ማለት ነው። የባሕር ዳርቻ ሰው «ለእኔ ሠራልኝ» ያለውን ጥርስ እንዳለ አትቅዳ።

ወደ 22 ተመለስ። ስትገጥም በሁለቱ ጥርሶች መሃል ቀጭን ወረቀት አስገባና አጥብቅ፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ተሸብሽቦ ከወጣ ልኩ ነው። እኔ ሞተሬ 80 ዲግሪ ከደረሰ አቆማለሁ።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ቲቲ-02ን ሸጬ ባለ ካርበን ሻንሲ ልግዛ?

አትሽጥ። መጀመሪያ በውስጧ ያሉትን የፕላስቲክ ቡሾች አውጥተህ ኩሽኔታ አስገባ፣ ከዚያ ዘይት ያላቸው ሾኮች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ንዳትና እንነጋገር።

ጥያቄ (አዳማ)፦ የፊት ጎማዬ ውጪው ብቻ ይበላል።

ይህን ጎሚስታው ጋ ብትሄድም ይነግርህ ነበር። የጎማውን አናት ወደ ውስጥ አዘንብለው፤ ለምንጣፍ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ በቂ ነው። ከሦስት ባትሪ በኋላ አበላሉን እይ። አንዳንድ መኪና ላይ የላይኛው ክንድ አይረዝም አያጥርም፤ ያንተ እንደዚያ ከሆነ የሚስተካከል ክንድ መግዛት ይኖርብሃል።

ጥያቄ (ከእኛው ቡድን፣ ስሜን አትጥቀስ ያለ)፦ ከመንዳታችን በፊት ምንጣፉን ውሃ ረጨት አድርገን ብንጠርገውስ? አቧራው አስቸገረ።

ውሃ አይነካውም። እርጥብ ምንጣፍ ላይ አንዱ መታጠፊያ ይይዛል ሌላው ይለቃል፣ የሞተርና የመሪ ኤሌክትሮኒክሱም እርጥበት አይወድም። ቫኪዩም ከአዳራሹ ጠባቂ መለመን ነው። ከዚያ የማንም መኪና ብትሆን አሥር ዙር በቀስታ ትዙር፤ ጎማዋ የቀረውን ትቢያ ይለቅመዋል፣ አንተ ደግሞ ጎማዋን ትጠርጋለህ። ከነዳችሁ በኋላ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ላይ የተጠቀለለውን የምንጣፍ ፀጉር በፒንሳ ልቀሙት። አለበለዚያ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል።

አዳራሹ እሑድ ሠርግ እንደሚያስተናግድ ደግሞ አትርሱ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ መኪናው «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለችበት ሞተሩን ፈቶ ሲያይ፣ ጥርሶቹ መሃል የተገኘው ፈንዲሻ ነው።