ሐረርን ልታዩ ለምትመጡ፦ ጠይቁኝ

ያደግኩት ጀጎል፣ በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ፣ የዘመድ ጓደኛ ሲመጣ፣ «አንተ አዙረው» የምባለው እኔ ነኝ። የሁሉም ጥያቄ ስለሚመሳሰል ዛሬ በጅምላ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ይበቃኛል? ማታ ሲመግቡት ጅቡን አይቼ ያኔውኑ ድሬዳዋ መመለስ ነው ሐሳቤ።

መልስ፦ እንደዛ ካደረግክ ጅብ አየህ እንጂ ሐረርን አላየህም። ሁለት ሌሊት እደር አቦ። ጀጎል የጠዋት ከተማ ናት። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ግድግዳው አረንጓዴና ሮዝ ሆኖ፣ ከየጊቢው የቡና ጭስ ሲወጣ ነው መሄድ። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ይቅማል፤ አንተም ያኔ ተኛ።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ መንገዱ እንዴት ነው? ልጆቼን መኪና ያስታውካቸዋል።

መልስ፦ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድሬ ወጥተሽ እስከ ደንገጎ ያለው ዳገት ጥምዝምዝ ስለሆነ ቁርስ አታብዢላቸው፣ ሎሚ ያዢ። ከደንገጎ በኋላ ቀላል ነው፤ አወዳይ ላይ የጫት መኪና ካላስቆመሽ በቀር። ሹራብም አትርሺ። ድሬ ከፍታዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐረር 1,885። ማታ ይበርዳል።

ጥያቄ፦ እኔ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው የምወደው። እናንተ ጋ ዳገት እንጂ ምን አለ?

መልስ፦ ባሕር የለንም። ባሕሩ ግን በግመል ይመጣልን ነበር። የሐረር ቡና ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ፣ ጨርቅና ሌላው ሸቀጥ ከዚያ ይወጣ ነበር። የሐረር ገዢዎች፣ አሚሮቹ፣ የራሳቸውን ሳንቲም እስከ ማስቀረጽ የደረሱት በዚህ ንግድ ነው። የእንጨት ሰገነት ያላቸውን የሕንድ ነጋዴዎች ቤቶች ስታይ ወደብ ያለህ ይመስልሃል። ለእይታ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ውጣ። ጀጎል ከእግርህ ሥር ተጠጋግታ ቁጭ ብላ ታያታለህ።

ጥያቄ፦ ግንቡን ማን ሠራው? ስንት በር አለው?

መልስ፦ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ነው ያስከበበው። መቃብሩ እዚሁ ጀጎል ውስጥ ነው። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው፣ ሐረር በር፣ ለመኪና ተብሎ በኋላ የተከፈተ ነው። ከግንቡ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያለህ። ጅቦች ማታ ገብተው ቆሻሻ የሚያጸዱባቸው ናቸው። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1998 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ዳገቱን እችለዋለሁ?

መልስ፦ እማማ፣ ከሐረር በር ባጃጅ ይያዙ፤ ፈረስ መጋላ ድረስ ያስገባዎታል። መድኃኔ ዓለም እዚያው አደባባዩ ላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ይዘው ቀስ እያሉ ይሂዱ። ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ሲያንገረግሩ ይሰማሉ። ጨርቅ መርጠው ጠዋት ከሰጡ፣ ከሰዓት ቀሚስዎን ይወስዳሉ።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ የግድ ነው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን ያዢ። ከዚያ አሰናብቺውና በጠባብ መንገዶቹ ውስጥ ጥፊ። መንገዱ ሦስት መቶ ምናምን ነው ይባላል፣ ግን በየትም ብትሄጂ መጨረሻ ላይ ግንቡ ያስቆምሻል። ግንቡን ተከትለሽ በር ታገኛለሽ። የእርቅ መንገድ የምንላትን ጠባብ መተላለፊያ አሳዩኝ በይ። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ አይችሉም፤ ትከሻ ለትከሻ ነው።

ጥያቄ፦ የራምቦ ቤት የተባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እዚህ ነግዷል፣ ያ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 እየተመላለሰ ኖሯል። ቤቱ ግን የሱ አይደለም፣ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ለድሮ ፎቶግራፎቹና ለፎቁ እይታ ግባ። ሙዚየም ከሆነ ፍላጎትህ፣ እኔ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም አስቀድማለሁ። የእጅ ጽሑፉ፣ ሳንቲሙ፣ ጎራዴው አያልቅም።

ጥያቄ፦ የሐረሪ ቤት ውስጡን ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ። ጫማሽን በር ላይ ታወልቂያለሽ። ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች በተለያየ ከፍታ አሉ፣ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ሰው አለው። አሚር ነደባ የአባወራው ነውና ዝም ብለሽ እንዳትወጪበት። ግድግዳው በሙሉ ሙዳይና ሰፌድ ነው። ወለሉ የተቀባበት ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ እናቶቻችን።

ጥያቄ፦ ጅቡስ? ይናከሳል?

መልስ፦ እስካሁን እንግዳ ይዤ ሄጄ የተነከሰ የለም። ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ ከግንቡ ውጪ። መጋቢው በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ሥጋውን በእንጨት አድርጎ ይሰጥሃል። እንጨቷን በጥርስህ መያዝ ትችላለህ። ትንፋሹ ፊትህ ላይ ይሞቃል፣ ሽታውን ግን አልነግርህም።

እኔ ከጅቡ ይልቅ የምፈራው ጭልፊቱን ነው። ጊዲር መጋላ ገበያ፣ ሥጋ ተራው ጣሪያ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንዴ ግማሽ ኪሎ የግመል ሥጋ ገዝቼ በእጄ አንጠልጥዬ እንግዳዬን ሳወራ፣ ጭንቅላቴ ላይ ነፋስ ተሰማኝ። ቀና ስል ፌስታሉ ተቀዷል፣ ሥጋው ሰማይ ላይ ነው። ባለሥጋው እየሳቀ «ድጋሚ ልመዝንልህ?» አለኝ። ከብብታችሁ ሥር ያዙ።

ጥያቄ፦ ቁርስ ምን ልብላ?

መልስ፦ ፈጢራ በእንቁላልና በማር። ከሰዓት ሳምቡሳ፣ ማታ ሐለዋ ከሻይ ጋር። ቁቲ፣ ማለትም ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ፣ ካቀረቡልሽ እምቢ አትበዪ።

ጥያቄ፦ ፎቶና አለባበስ ላይ ችግር አለ?

መልስ፦ ሴቶችን ሳትጠይቅ አታንሳ፣ በተለይ በገበያ። ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይበል። ሐሙስ ማታ በአው አባድር መቃብር በሚደረገው ዚክር፣ በዜማ በሚቀርበው የጸሎት ሥርዓት፣ ላይ ከተገኘህ ደግሞ ስልክህን ኪስህ አስገባና ስማ።

ጥያቄ፦ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ተዪው። ኮብልስቶኑ ፈረስ መጋላ ሳትደርሺ ጎማውን ይበላዋል።