ሦስት ጊዜ የተገለበጠው ቴስት

እህቴ፣ ለሥራ ውድድር የተሰጠሽን ፈተና ደጋግሜ አየሁት። አንድ የማከማቻ ኢንተርፌስ (ክላሶች ሊያሟሉት የሚገባ የሜተዶች ውል) አለ፤ ሦስት ክላሶች ይተገብሩታል። አንዱ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ኮንስትራክተሩ (ከክላሱ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚጠራው ክፍል) ምንም አይጠይቅም። ሁለተኛው ፎልደር፣ ሦስተኛው የዳታቤዝ ኮኔክሽን ይፈልጋል። «ኮንስትራክተራቸው ስለሚለያይ ቴስቱን (ኮዱን የሚፈትነውን ኮድ) ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። ጠያቂው ‹ለምን?› ሲለኝ አፌ ተያዘ። ፕሮግራመርነት ለእኔ አይሆን ይሆን?» ብለሻል።

ይሆንሻል። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት የሰው ኮድ ስጠግን ስለኖርኩ፣ ነገሩ ውስጤን ነክቶታል። አንድ ጊዜ ልክ እንዳንቺው የተገለበጡ ቴስቶች ገጠሙኝ። የሌለ ነገር ሲፈለግ የሚሞሪው ክላስ ባዶ ይመልሳል፤ የፋይሉ ግን ኤረር ይወረውራል። እያንዳንዱ ቴስት ከራሱ ክላስ ጋር ተስማምቶ ስለተጻፈ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፣ ማለትም አልፏል። ስህተቱን ያገኘው ተጠቃሚው ነው።

ኮንስትራክተር የኢንተርፌሱ አካል አይደለም። ጠያቂሽ የፈለገው ይህን ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ አብስትራክት (ሌሎች ወርሰው የሚያሟሉት) የቴስት ክላስ ጻፊ፤ «ማከማቻ ፍጠር» የሚል፣ ወራሾቹ የሚሞሉት አብስትራክት ሜተድ ይኑረው። «ያስቀመጥኩትን መልሼ አገኛለሁ»፣ «የሌለውን ስፈልግ ባዶ ይመለሳል» የሚሉት ቴስቶች አንዴ ብቻ እዚያ ይጻፉ። ሦስት ትናንሽ ክላሶች ይውረሱትና ያቺን ሜተድ ይሙሉ፤ ፎልደሩም ኮኔክሽኑም እዚያው ይቅር። የፋይሉ ብቻ የሆነ ጣጣ፣ ለምሳሌ መጻፍ የተከለከለ ፎልደር፣ በራሱ ልጅ ክላስ ይፈተን። ፎልደሩን ሞክ (የማስመሰያ ምትክ) አታድርጊው፤ እውነተኛ ጊዜያዊ ፎልደር ፍጠሪ፣ ሲያበቃ አጥፊው።

ጄዩኒት 5 (የጃቫ የቴስት መሣሪያ) ላይ በፓራሜትራይዝድ ቴስትም፣ ማለትም አንዱን ቴስት በተለያየ ግብዓት በመደጋገም፣ ይሠራል። እኔ ውርሱን የምመርጠው ለየክላሱ ዝግጅትና ጽዳት የራሱ ቦታ ስለሚሰጥ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 እ.ኤ.አ. ያነሳችው ሐሳብም ይኸው ነው፦ አንዱ በሌላው ሲተካ ተጠቃሚው ልዩነቱ ሊሰማው አይገባም።

ሰርተፍኬት ልውሰድ ወይ ላልሽው፦ አሁን አያስፈልግሽም።

አባትሽ ስላገኙልሽ የቢሮ ሥራ ግን በግልጽ ልንገርሽ። ደመወዙ ይበልጣል፤ የቤቱ ችግርም እውነት ነው። ከደመወዝሽ ለቤት ቆርጠሽ ስጪ። ሙያሽን ግን ለቤት ወጪ ብለሽ አትልቀቂ፤ ይህን እንዲጠይቁሽም አይገባም። አንድ ትንሽ ድርጅት አቅርቦልኛል ያልሽውን የጥገናና የቴስት ሥራ ብትይዢ ይሻላል። የሰው ኮድ ማንበብ የሚለመደው እዚያ ነው።

ቴስቱን ዛሬ አስተካክለሽ ለጠያቂው መልሰሽ ላኪለት። «ለምን?» ላለሽም በሁለት መስመር መልሺለት።