ከመሬት በታች ስለሚገነቡ የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የዋሻ ቁፋሮ መሐንዲስ እንደመሆኔ፣ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች በከርሰ ምድር እንዴት እንደሚገነቡ ላቀረባችሁልኝ ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። የፊዚክሱን ረቂቅ ነገር ለባለሙያዎቹ ትቼ ስለ ዐለቱና ስለ ጉድጓዱ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ጥልቀት መቆፈር ለምን አስፈለገ?

ጸጥታ ፍለጋ ነው። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ከከባቢ አየር ጋር ሲጋጭ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የጣት ጥፍር በምታህል 1 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ውስጥ በየደቂቃው አንድ ያህል ሙዮን ያልፋል። እንደ ኒውትሪኖ ያለ፣ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ቅንጣት አድፍጦ ለሚጠብቅ መሣሪያ ይህ የገበያ ጫጫታ ነው፤ ጫጫታውን የሚያጣራው ደግሞ የዐለቱ ውፍረት ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ የሰርን 27 ኪሎ ሜትር የቅንጣት ማፋጠኛ ቀለበት ግን ከዚህ ይለያል። ጥልቀቱ ከ50 እስከ 175 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከመሬት በታች የሆነውም የላዩን መሬት ከመግዛት መቆፈሩ ስለሚረክስና ዐለቱ ከማሽኑ የሚወጣውን ጨረር ስለሚያግድ ነው።

ጥያቄ፦ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ መጠቀም ወጪ አይቆጥብም?

ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጉድጓዱን የወረሰ ሰው ጉሮሮውንም፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚያልፍበትን ጠባብ መግቢያና መውጫ፣ ይወርሳል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ የሚገኘው የሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2002 ከተዘጋ በኋላ ቤተ ሙከራ ሆኗል። በቺካጎ አቅራቢያ ካለው የፌርሚላብ ቤተ ሙከራ 1,300 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚደርሱትን ኒውትሪኖዎች በፈሳሽ አርጎን በተሞሉ መሣሪያዎች ለሚቀበለው፣ ዱን (DUNE) ለተባለው ሙከራ፣ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሦስት ግዙፍ ዋሻዎች ተቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2024 ተጠናቀዋል። ወደ 800,000 ቶን የሚጠጋው ዐለት የወጣው በአንድ ቀጥ ያለ ነባር ጉድጓድ ሲሆን፣ ከባድ የቁፋሮ ማሽኖቹም ላይ ተፈታትተውና ቁርጥራጫቸው በዚያው ጉድጓድ ወርዶ ታች እንደገና ተገጣጥመዋል። የጊዜ ሰሌዳውን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የፈንጂው ጉልበት ሳይሆን ማንሻው በቀን ስንት ጊዜ መመላለስ መቻሉ ነው።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ተራራ እመርጥ ነበር። በጣሊያን ግራን ሳሶ 1,400 ሜትር ዐለት ከላይ ተጭኖ ሳለ፣ ቤተ ሙከራው በተራራው ሥር ካለፈ የአውራ ጎዳና ዋሻ ጎን ስለተቆፈረ የጭነት መኪና በቀጥታ እየነዳ ይገባል።

ጥያቄ፦ ያን የሚያህል ዋሻ እንዴት አይደረመስም?

ዐለቱ ራሱን እንዲሸከም ስለሚታገዝ ነው። ጣሪያው ቅስት ወይም ጉልላት የሚደረገው ጫናው በጎን በኩል እንዲወርድ ነው። ቁፋሮውም ከላይ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ከፍንዳታው በኋላ ጭሱ ሲወጣ ረጅም የብረት ዘንግ የያዘ ሠራተኛ ጣሪያውን እየመታ ያዳምጣል፤ ጤነኛ ዐለት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ከኋላው የተላቀቀው ግን እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል፤ ያኔ እየፈለቀቀ ያወርደዋል። ዛሬ አብዛኛውን በማሽን ብንሠራውም ጆሮ ሥራውን አልለቀቀም። ከዚያ ረጃጅም የብረት ካስማዎች ወደ ዐለቱ ይሰደዳሉ፣ ላዩ ላይ ኮንክሪት ይረጫል፣ መለኪያዎችም ተተክለው ግድግዳው በስንት ሚሊሜትር እንደተገፋ ይመዘግባሉ። ለጃፓኑ የኒውትሪኖ መመልከቻ ለሃይፐር ካሚዮካንዴ የተቆፈረው ዋሻ 69 ሜትር የጎን ስፋትና ከጉልላቱ ጋር 94 ሜትር ቁመት አለው፤ በመካከሉ አንድም ምሰሶ የለም።

ጥያቄ፦ ውኃ ቢያጋጥምስ?

ያጋጥማል። በሰርን ቀለበት ላይ የቅንጣቶችን ግጭት ለሚመዘግበው ግዙፍ መሣሪያ፣ ለሲኤምኤስ (CMS)፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃ ያዘለ ልቅ አፈር ስላጋጠመ፣ ዙሪያውን በቀዝቃዛ ጨዋማ ውኃና በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘው የበረዶ ግድግዳ ሠርተው በመካከሉ ቆፍረዋል። ቁፋሮው ቢያልቅም ፓምፕ አይቆምም፤ ሆምስቴክ ፓምፖቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጠፉ ጥልቁ ክፍል በውኃ ተሞልቶ ነበር።

ጥያቄ፦ እንደ ዱን ላለ ሙከራ ፈሳሽ አርጎን በዋሻ ውስጥ ማከማቸት አያሰጋም?

ያሰጋል፤ እሳት ወይም መርዝ ስለሆነ ግን አይደለም። አርጎን ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 186 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ቢፈስስ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ከ800 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛና ኦክስጅኑን ያፈናቅላል። ስለዚህ የኦክስጅን ጠቋሚዎች በዝቅተኛ ቦታ መተከል፣ የአየር ማስወጫውም ከወለሉ አጠገብ መሳብ አለበት። መሸሸጊያ ክፍልም ያስፈልጋል፤ በ1,500 ሜትር ጥልቀት «ሮጦ መውጣት» የሚባል ነገር የለምና።

ጥያቄ፦ መሣሪያውን ላይ ገጣጥሞ ማውረድስ አይቻልም?

ጉሮሮው ሰፊ ከሆነ ይቻላል። ሲኤምኤስ መሬት ላይ ከተገጣጠመ በኋላ በ15 ትላልቅ ክፍሎች ወርዷል። ከሁሉም የከበደው 2,000 ቶን ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 100 ሜትር ያህል ለመውረድ 10 ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። በመሣሪያውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል የቀረው ክፍተት 20 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር።