የጓሮ በለስ፦ ከመትከል እስከ መቅመስ (ጥያቄና መልስ)

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን በጓሮዬ አራት የበለስ ዛፎች አሉኝ፤ ሁለቱ ብራውን ተርኪ፣ አንዱ ሴለስት፣ አንዱ ደግሞ ቺካጎ ሃርዲ የሚባሉ ዝርያዎች ናቸው። ነሐሴ በገባ ቁጥር ስለ በለስ የሚጠይቀኝ ሰው ስለሚበዛ፣ ዘንድሮ ለሁሉም በአንድ ቦታ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። በለስ ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ከቅጠሉ፣ ከቅርንጫፉና ከጥሬው ፍሬ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ካገኘው ቆዳን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ዛፉን ስትገርዙ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ የእኔ ዛፍ ፍሬ በሰኔ ወር ቶሎ ቶሎ ካደገ በኋላ አረንጓዴ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከወር በላይ ሆነው። ታሞ ይሆን?

መልስ፦ አልታመመም። የበለስ ፍሬ የሚያድገው በሦስት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ በፍጥነት ይፋፋል፣ ቀጥሎ ለሳምንታት ምንም ሳይለወጥ ይቆያል፣ በመጨረሻም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት አብጦ ቀለሙን ይቀይራል። ጀማሪዎች ትዕግሥት የሚያልቅባቸው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ውኃና ማዳበሪያ ይጨምሩበታል፣ ዛፉም ፍሬውን ትቶ ቅጠል ያወጣል።

የሚቆረጥበትን ቀን የሚነግራችሁ ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ሲበስሉ አረንጓዴ ሆነው የሚቀሩ ዝርያዎች አሉ። አንገቱን ተመልከቱ። ጥሬ በለስ ከቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የበሰለው ግን አንገቱ ላልቶ ይታጠፋል፣ ፍሬውም አንገቱን እንደ ደፋ ሰው ወደ መሬት ይመለከታል። ስትነኩት እንደ ጆሮ ጫፍ ይለሰልሳል፣ ቆዳው ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል፣ ከእምብርቱም አንዳንዴ የማር ጠብታ ይንጠለጠላል። ስትቆርጡት ከአንገቱ ወተት ከወጣ ቸኩላችኋል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ትኩስ በለስ መንገድ እንዲችል ገና ጠንካራ ሳለ ስለሚለቀም፣ «በለስ አይጣፍጠኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች የበሰለ በለስ ገና አልቀመሱም ማለት ነው። በጓሮ መትከል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ ከሱቅ የገዛሁት ጠንካራ ነው። መስኮት ላይ ባስቀምጠው ይበስል ይሆን?

መልስ፦ አይበስልም። ይለሰልስ ይሆናል እንጂ ስኳሩ አይጨምርም።

አስተያየት (ከመቀሌ)፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኛ በለስ የምንለው እሾህ ያለውን የቁልቋል ፍሬ ነው። እዚህ የምትነጋገሩበት ፍሬ ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባል።

አስተያየት (ከጎንደር)፦ ስሙ የዚህ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በለስ ቁልቋል አይደለም፤ አዳምና ሔዋን የሰፉትም የቁልቋል ቅጠል አይደለም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቁልቋሉ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ስለሆነ በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ በለስ የተባለው እርሱ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን አዲስ ፍሬ ሲመጣ የሚታወቀውን ስም ማውረስ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ጣሊያኖችም የቁልቋሉን ፍሬ «የህንድ በለስ» ይሉታል። የዚህኛው በለስ የቅርብ ዘመዶች ግን ሾላ፣ ባምባና ዋርካ ናቸው። በልጅነቱ ሾላ ለቅሞ የከፈተ ሰው ውስጡን ያስታውሳል፦ ሁሉም አበባቸውን የሚደብቁት በፍሬው ውስጥ ነው፤ እኛ ፍሬ ብለን የምንበላው ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበቦች ጉባኤ ነው። በስሙ ላይ ከዚህ በላይ እንዳንቆይ እለምናለሁ።

ጥያቄ (ኮተቤ፣ አዲስ አበባ)፦ አምስት ዓመት የሆነው ዛፍ አለኝ። የሚበስለው ክረምት ላይ ስለሆነ ሁሉም ይሰነጠቅና ይኮመጥጣል። ልንቀለው?

መልስ፦ እባክዎ አይንቀሉት። ይህ በጣም የማስብበት ጥያቄ ነው፤ እኅቴም አዲስ አበባ ባለው ግቢዋ ይኸው ችግር ገጥሟት ነበር። የበለስ ዋናው ምርት የሚወጣው በዚያው ወቅት ባደገ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ለጋው ከፈነዳ በኋላም ፍሬው እስኪበስል አራትና አምስት ወር ይፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ብርድ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። እንግዲህ የሚበስልበትን ወር የሚወስነው የሚገረዝበት ወር ነው። መስከረም ሲጠባ ቅርንጫፎቹን በግማሽ ያህል ቢገርዟቸው፣ አዲሱ ቅርንጫፍ በጥቅምት አድጎ ፍሬው ጥርና የካቲት አካባቢ፣ በደረቁ ወራት ይደርሳል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ የሚገባ ውኃ ያጠጡት፤ ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ግን ውኃውን ይቀንሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድና ፀሐይም ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ አዲስ ችግኝ የሚተክል ሰው ደቡብን ከሚመለከት የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ አጠገብ ቢተክል ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆይለታል። የመግረዙ ቀን ደመናማ ይሁን፤ ስለ ወተቱ ከላይ ያልሁትን አይርሱ።

ጥያቄ (ዳላስ)፦ የዛፌ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚህ ብቻ ልመልስልዎ አልችልም። የታችኛው ቅጠል ነው የላይኛው? በማሰሮ ነው በመሬት? ውኃ በስንት ቀን ያጠጡታል? እነዚህን ሳያውቁ የሚሰጥ ምክር ዛፉን ይጎዳል።

ጥያቄ (ሳክራሜንቶ)፦ በየዓመቱ ፍሬው የብይ ያህል ሲሆን ተሸብሽቦ ይረግፋል። ዛፉ ግን ጤነኛ ነው።

መልስ፦ በየዓመቱ በዚያው መጠን ላይ የሚረግፍ ከሆነ፣ ዝርያው የአበባ ብናኝ የሚፈልገው የሰምርኔስ ዓይነት መሆኑን እጠረጥራለሁ። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች በ1880ዎቹ የዚህን ዓይነት ቁራጭ ከቱርክ አስመጥተው ሲተክሉ ፍሬው በየዓመቱ ረገፈባቸው፤ የማይረባ ዝርያ የተሸጠላቸውም መሰላቸው። የጎደለው ግን ከወንዴው በለስ ብናኙን የምታመጣው ደቃቅ ተርብ ነበረች፤ በ1899 ተርቧ በፍሬዝኖ አካባቢ ከተላመደች በኋላ ዛፎቹ አፈሩ። ለጓሮ ያለ ተርብ የሚያፈራ ዝርያ ይምረጡ።

ጥያቄ (ሲያትል)፦ ተርብ ካነሱ አይቀር፣ አሁን ፍልሰታ ነው፤ በለስ ውስጥ የሞተ ተርብ አለ ይባላል። ጾም ያስፈታል?

አስተያየት (ቶሮንቶ)፦ በስንዴ ውስጥ ነቀዝ ይኖራል፣ ዱቄቱን ግን በጾም እንበላለን።

አስተያየት (ሲያትል)፦ ነቀዙን ካወቅነው እንነፋዋለን፤ ይህ ከፍሬው ውስጥ የማይወጣ ነው።

መልስ፦ የጾሙን ሥርዓት ለነፍስ አባትዎ ያቅርቡ፤ የእኔ ድርሻ የዛፉን ነገር መናገር ነው። ብራውን ተርኪ፣ ሴለስትና ቺካጎ ሃርዲ ያለ ተርብ ስለሚያፈሩ በእኛ አካባቢ ጓሮ የምትለቅሙት ፍሬ ውስጥ ይህች ተርብ የለችም። ተርቧ ባለችበት አገር፣ ሴቷ በእምብርቱ ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፎቿ ይረግፋሉ፤ በሚበላው በለስ ውስጥ እንቁላል መጣል ስለማትችልም እዚያው ትሞታለች፤ የፍሬው ኢንዛይምም ያፈርሳታል። ጥርስ ላይ የሚንቋቋው ዘሩ እንጂ ተርቧ አይደለችም።

ጥያቄ (ሚኒያፖሊስ)፦ ለስኳር በሽታ ጥሩ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የበሰለ በለስ ብዙ ስኳር ያለው ፍሬ ነው።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጎረቤት ነኝ። ቁራጭ ቢሰጡኝ እንዴት ላብቅለው? ክረምቱስ?

መልስ፦ በየካቲት ወር፣ ዛፉ ቅጠል ሳይኖረው፣ የእርሳስ ውፍረትና የአንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ቁራጭ እሰጥዎታለሁ። ሁለት ሦስተኛውን ውኃ በማያቁር እርጥብ አፈር ውስጥ ይቅበሩት፤ በአንድ ወይም በሁለት ወር ሥር ይይዛል። ቀድሞ ቅጠል ሲያወጣ ሥር የያዘ መስሏችሁ የምትነቅሉት ብዙዎች ናችሁ፤ አትንኩት። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ግንዱ ሊሞት ስለሚችል ሥሩን በደረቅ ቅጠልና በገለባ ይሸፍኑ። ቺካጎ ሃርዲ ከላይ ቢሞት እንኳ ከሥሩ አቆጥቁጦ በዚያው ዓመት ያፈራል።

ጥያቄ (ሂዩስተን)፦ ጥሬውን ቆርጬ ሩዝ ውስጥ ብቀብረው ይበስላል?

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ እላለሁ፦ ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። በሩዝም፣ በወረቀትም፣ ከሙዝ ጋር ቢቀመጥም አይበስልም። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ (ኦክላንድ)፦ ከሁሉም ዝርያ የትኛው ይጣፍጣል?

መልስ፦ ሴለስት ትንሽ ናት፤ ጣዕሟ ግን ንጹሕ ማር ነው፣ እምብርቷም ጠባብ ስለሆነ ዝናብና ጉንዳን በቀላሉ አይገቡባትም። ብራውን ተርኪ ትልቅና ለስላሳ ጣፋጭ ነው፤ ዝናብ ከመታው ግን ውኃ ውኃ ይላል። ጥቁሩ ሚሽን እንጆሪ የመሰለ ጠለቅ ያለ ጣዕም አለው፤ ለእናንተ የካሊፎርኒያ ሰዎች ይስማማችኋል። የትኛውንም ቢሆን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ አትፍረዱት። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ያሞቀውን፣ ዛፉ ሥር ቆማችሁ በእጃችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ቅመሱት፤ ቆዳው ትንሽ ምሬት፣ ውስጡ ማርማላታ፣ ዘሩ ደግሞ የለውዝ ጣዕም ይሰጣል።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ መልስዎን ካነበብሁ በኋላ ወጥቼ አየሁት። አንዱ ፍሬ አንገቱ ታጥፏል፣ እምብርቱም ላይ ጠብታ አለ። እስከ ነገ ላቆየው?

መልስ፦ አያቆዩት። ነገ ዝናብ አለ፤ አሁኑኑ ወጥተው ይቁረጡት።